የሮጀርስ «ራስ» በወሎ ቤተሰብ ውስጥ እንዴት ይሠራል? (ለትምህርት ቤት አማካሪዎች)

ኩታበር_አማካሪ፦

ሰላም የቤቱ ሰዎች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ጥያቄዬ በትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት ለምንሠራ ሁሉ ነው። ደሴ፣ ኮምቦልቻና ወልድያ ያላችሁ በተለይ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ካርል ሮጀርስ የጀመረውን ሰው ተኮር ምክር ዩኒቨርሲቲ ስንማር ነገሩ ግልጽ ይመስላል። ተማካሪው ስለ ሕይወቱ ከማንም በላይ ያውቃል፤ አማካሪው አያዝም፣ አይፈርድም፤ ሰውየው ሳይፈረድበት ሲደመጥ መንገዱን ራሱ ያገኘዋል ይባላል። እዚህ ግን ተማሪውን ስለ ራሱ ስትጠይቀው ስለ አባቱ ይመልስልሃል። «አንተስ ምን ትፈልጋለህ?» ሲባል ግራ ይጋባል፤ እንደ ብልግና የሚቆጥረውም አለ።

መነጋገሪያ እንዲሆን አንድ የተቀናበረ ምሳሌ ላስቀምጥ፤ የማንም ታሪክ አይደለም። የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ዕድሜዋ 17። ታላቅ እህቷ ሳዑዲ ሠርታ ለቤተሰቡ ቆርቆሮ ቤት አሠርታለች። አሁን ቤት ውስጥ «ተራው ያንቺ ነው» ይባላል። ልጅቷ መማር ትፈልጋለች፤ ይህን ስትናገር ግን «ራስ ወዳድ ሆኜ ነው» ትላለች። ውጤቷ ወርዷል፣ ራሷን ያማታል፣ እንቅልፍ እምቢ ብሏታል። ገና ከመቀመጧ «ምን ላድርግ? ይምከሩኝ» ትላለች።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። ሮጀርስ «ራስ» የሚለው በትክክል ምኑን ነው፣ ከቤተሰብ የተነጠለ ነገር ነው ወይ? «ይምከሩኝ» ያለችን ልጅ ምክር ሳይሰጡ እንዴት ነው የሚያነጋግሯት? ሽማግሌ ዘንድ የሄደ ሰው እኮ ባዶ እጁን አይመለስም። ደግሞስ ለውጥ መኖሩን በምን እናያለን?

ጦሳ_ሥር፦

ወንድም ኩታበር፣ በመጀመሪያው ጥያቄ ልጀምር፤ ክፍሉ ውስጥ የሚታየው ስሕተት አብዛኛው ከእሱ ይመነጫልና።

ሮጀርስ «ራስ» ሲል ሰው ስለ ራሱ የያዘውን ሥዕል ማለቱ ነው። «እኔ እንዲህ ያለሁ ነኝ፤ ከሰው ጋር ስሆን እንዲህ እሆናለሁ፤ ይኼ ያኮራኛል፣ ያኛው ያሳፍረኛል» የሚሉት ግንዛቤዎች ተያይዘው ቅርጽ ሲይዙ ማለት ነው። ቅርጽ አለው፣ ግን ይለዋወጣል። እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው መጽሐፍ ንድፈ ሐሳቡን በ19 ነጥቦች ዘርዝሮታል። ዘጠነኛው ነጥብ የራስ ቅርጽ የሚሠራው ከአካባቢ ጋር፣ በተለይም ከሚመዝኑን ሰዎች ጋር በሚደረግ ግንኙነት እንደሆነ በግልጽ ያስቀምጣል። ስለዚህ እናት፣ አባት፣ ጎረቤት፣ ቅሬ (ዕድር)፣ ሁሉም ከጅምሩ በራስ ሥዕሉ ውስጥ ናቸው። ከቤተሰብ የተነጠለ ራስ የሚለውን ሮጀርስ አላለም፤ እኛ ነን ያልንለት።

ችግሩ የሚጀምረው የት ነው? ሕፃን የመጀመሪያ ሚዛኑ የገዛ አካሉ ነው። ሲርበው ያለቅሳል፣ ሲጠግብ ፊቱን ያዞራል። ቀጥሎ የመወደድ ፍላጎት ይመጣል። «ጨዋ ልጅ አፍ አትመልስም»፣ «ለእናቷ የምታስብ ልጅ እምቢ አትልም» ሲባል ልጅቷ መወደድ በምን በምን እንደሚገኝ ትማራለች። ቆይቶ ተናጋሪው ባይኖርም በዚያው ሚዛን ራሷን ትመዝናለች። በእኛ ዘንድ ይሉኝታ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው እዚህ ላይ ነው። ይሉኝታ በራሱ በሽታ አይደለም፤ ሰው ሐዘን ቤት የሚደርሰው፣ ጎረቤቱን የሚያርሰውም በእሱ ነው። አማካሪን የሚመለከተው የገዛ ልምድን ሲጋርድ ነው።

ሮጀርስ ሁለት ዓይነት መጋረድ ይለያል። አንደኛው ማዛባት ነው። ያንተ ምሳሌ ይህ ነው፤ ልጅቷ የመማር ፍላጎቷን አልካደችም፣ ስሙን ግን «ራስ ወዳድነት» አለችው። ሁለተኛው መካድ ነው፤ «ምንም አልሆንኩም፣ ደኅና ነኝ» ብሎ ስሜቱ መኖሩን እንኳ አለማየት። ካዛባ ሰው ጋር ሥራው ቀለል ይላል፤ ልምዱ በሌላ ስም ቢሆንም አፉ ላይ አለ። የካደው ጊዜ ይፈልጋል፤ ገፋ ካደረግከው ይዘጋል።

አሥራ ስምንተኛውን ነጥብም አትርሱት። ሰው የገዛ ልምዱን ሳይክድ አንድ ላይ ማስተናገድ ሲችል ሌሎችንም ይበልጥ ይረዳል፣ ራሳቸውን እንደቻሉ ሰዎች ይቀበላቸዋል ይላል። ስለዚህ ልጅቷ ከእናቷ እንድትቆረጥ አይደለም የምንሠራው። «እናቴን መርዳት እፈልጋለሁ» የሚለውም የራሷ እውነት ሊሆን ይችላል። አማካሪው ይህን «የቤተሰብ ጫና ነው» ብሎ ካጣጣለው እሱም በተራው አዲስ ቅድመ ሁኔታ ይጭንባታል፦ «የማከብርሽ ለራስሽ ስትቆሚ ነው»። ያኔ ልጅቷ እናቷን ማስደሰት ትታ አማካሪዋን ማስደሰት ትጀምራለች። ከውጭ ሲታይ ለውጥ ይመስላል፤ ሚዛኑ ግን አሁንም በሰው እጅ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ሲነገራችሁ ሁሉን ነገር ከሥነ ልቦና አታምጡት። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ትታይ። የደም ማነስም የዓይን ችግርም ራስ ያሳምማል።

ሸዋ_በር፦

ሁለተኛውን እኔ ልውሰደው።

ከንግግሩ በፊት ክፍሉ። የምክር ክፍል ከዲሲፕሊን ኮሚቴው ጋር አንድ ቢሮ ከተጋራ ሥራው ገና ሳይጀመር ተበላሽቷል፤ ልጁ የተከሰሰ ነው የሚመስለው። ሌላ ክፍል ከሌለ ቢያንስ ቀኑን ለዩ። ጠረጴዛውን ከመሐል አንሡት። ሁለቱ ወንበሮች ቁመታቸው እኩል ይሁን፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ጎንደል ብለው ይቀመጡ፣ በመሐላቸው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይኑር። ወንድ አማካሪና ሴት ተማሪ ከሆኑ በመስኮት ከውጭ የሚታዩበት፣ ድምፅ ግን የማይሰማበት ቦታ ምረጡ። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ 45 ደቂቃ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ለትምህርት ቤት የሚቻል ልክ ነው።

መክፈቻው አጭር ይሁን፦ «45 ደቂቃ አለን። የምትነግሪኝ ከዚህ አይወጣም። አንድ ነገር ሲቀር፦ ያንቺ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ብቻዬን አልይዘውም፤ ያኔም አስቀድሜ ላንቺ እነግርሻለሁ። ከየት እንጀምር?» ይህ ሳይነገር የተጀመረ ምክር በኋላ አማካሪውን ከባድ ቦታ ይጥለዋል። ሕይወት ላይ የሚያሠጋ ነገር ሲሰማ ወይ ቃሉን ያፈርሳል፣ ወይ ዝም ብሎ ልጁን ለአደጋ ይተዋል።

አሁን ወደ «ይምከሩኝ»። «እኔ ምክር አልሰጥም» ብሎ መመለስ በእኛ አገር ልጅን ከደጃፍ እንደ መመለስ ነው። ይልቅ ጥያቄው ውስጥ ያለውን ድካም ስሙት። እንዲህ ሊሄድ ይችላል፦

— ምን ላድርግ መምህር? እርስዎ ያውቃሉ፣ ይምከሩኝ።
— ከብዶሻል። የሚያውቅ ሰው ቆርጦ ቢነግርሽ በተገላገልሽ።
— አዎ። ደከመኝ።
— ደከመሽ።
— እናቴ ታሳዝነኛለች። እህቴም ስንት ዓመት በሰው ቤት… እኔ እዚህ ደብተር ታቅፌ እቀመጣለሁ።
— የእነሱን ልፋት ስታዪ መማርሽ እንደ ጥፋት ይሆንብሻል።
— ጥፋት ነዋ! (ዝም።) ግን… ፊዚክስ ስሠራ መምሸቱም አይታወቀኝ።
— ያን ጊዜ ሌላ ነሽ።
— ያን ጊዜ ደስ ይለኛል። ይኼንን ለማንም አልተናገርኩም።

«ጥፋት ነዋ!» ካለች በኋላ ያለውን ዝምታ ተመልከቱ። ብዙ አማካሪ እዚያ ላይ «ኧረ ጥፋት አይደለም!» ይላል። ያን ቢል ፊዚክስ የሚለው ቃል አይወጣም ነበር፤ ልጅቷ ጥፋተኛነቷን ለማስረዳት ትከራከራለች። ጥፋት ነው ማለቷን ሳይደግፉም ሳይቃወሙም መያዝ ነው ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበል። መስማማት አይደለም። እንደ ሰው ማክበር እንጂ ያለችውን ሁሉ ማጽደቅም አይደለም።

ከዚያ በኋላ ስለ አሠራራችሁ በግልጽ ንገሯት፦ «ምን እንደምታደርጊ ብነግርሽ የእኔ ሕይወት ይሆናል። አንቺ ዘንድ ያለውን አብረን እናያለን፤ መረጃ የሚያስፈልግሽ ከሆነ ግን የማውቀውን አልደብቅሽም።» መረጃ መከልከል ሰው ተኮርነት አይደለም። ስለ ትምህርትና ስለ ፈተና፣ ስለ ጉዞም ብትጠይቅ መልሱላት። ለጉዞ ተብሎ ዕድሜዋ ሊጨመርላት እንደሆነ ከተነገራችሁ ደግሞ ነገሩ የልጆች ጥበቃ ጉዳይ ይሆናል፤ በዝምታ አይታለፍም።

የሚበላሸው በምን በምን ነው?

ሐዘን ሲሰማ ወዲያው «አብሽሪ፣ ያልፋል» ማለት። ቃሉ ፍቅር ነው፤ ለቅሶ ቤት ቦታ አለው። ምክር ክፍል ውስጥ ግን አምስተኛው ደቂቃ ላይ ከመጣ «በቃ አታውሪ» ማለት ይሆናል። መጨረሻ ላይ፣ ስትሸኟት ይሻላል።

እንደ በቀቀን መድገም። «ደከመሽ» አንዴ ይበቃል። ሦስት ጊዜ የደገመ አማካሪ ያሾፈ ይመስላል። ቀጥሎ ያለው ምላሽ ከተባለው ትንሽ ጠለቅ ይበል፣ ከራሷ ቃል ግን አይራቅ።

ስሜትን ወደ ምርመራ ቃል መቀየር። እኛ ስሜታችንን በአካል እናወራለን፦ ሆዴ ባባ፣ አንጀቴ ተላወሰ፣ ልቤ ተሰቀለ። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ያለችን ልጅ «ዲፕሬሽን አለብሽ» ካላችኋት ከገዛ ስሜቷ አወጣችኋት። «ባር ባር የሚልሽ መቼ መቼ ነው?» ብሎ ቃሉን ይዞ መቆየት የበለጠ ያስኬዳል።

ጥያቄ ማከታተል። ከሁለት ጥያቄ በኋላ ልጁ መልስ ሰጪ ሆኖ ይቀመጣል፣ ክፍሉም ፈተና ይሆናል። ምላሻችሁን በጥያቄ ድምፅ አትጨርሱት፤ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ከዚያ ዝም በሉ። አሥር ሴኮንድ ዝምታ ለአማካሪው ረጅም ነው፤ ለተማካሪው ግን የማሰቢያ ጊዜ ነው።

«አላህ ያውቃል»፣ «እግዜር ያውቃል» ሲባል። ይህ እምነትም ነው፣ አንዳንዴም ንግግርን መዝጊያ ነው። ሁለቱንም አክብሩ፦ «ለእሱ ሰጥተሽዋል። ላንቺ የቀረው ክፍልስ?» ብዙ ጊዜ ወሬው ከዚያ ይቀጥላል።

ወረኢሉ_መንገድ፦

ጥሩ ተብሏል፤ እኔ ግን ጥንቃቄ ልጨምር። ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1957ቱ ጽሑፉ 6 ሁኔታዎችን አስቀምጦ ለለውጥ «አስፈላጊም በቂም» ናቸው ብሏል። አማካሪዎች ሦስቱን ብቻ ይሸመድዳሉ፦ አማካሪው ውስጡና ውጩ መግጠሙን፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበልን፣ ኢምፓቲን (የተማካሪውን ስሜት በእሱ ዓይን አይቶ መረዳትን)። የተረሱት ሦስቱ፣ በሁለቱ መካከል ሥነ ልቦናዊ ግንኙነት መኖሩ፣ ተማካሪው የገዛ ልምዱና ስለ ራሱ የያዘው ሥዕል የማይጣጣሙበት መሆኑ፣ ስድስተኛው ደግሞ መቀበሉና መረዳቱ ቢያንስ በትንሹ ለተማካሪው መድረሱ ናቸው። እዚህ ስድስተኛው ነው የሚጎድለው። አማካሪው በልቡ ይቀበላል፣ ፊቱ ግን እንደ ፈታኝ መምህር ነው። ልጁ የሚያየው ፊቱን ነው።

«በቂ» የሚለውን አልቀበልም። ተማሪው እ.ኤ.አ. ከ2021ዱ ጦርነት ወዲህ ያየው ነገር በቅዠት እየተመለሰበት፣ ድምፅ ሲሰማ እየደነገጠ፣ ከአንዳንድ ቦታ እየሸሸ ከአንድ ወር በላይ ከቆየ በመስማት ብቻ አትያዙት፤ ለድንጋጤ ሕመም የተለየ ሕክምና አለ፣ ወደሚሰጥበት ላኩት። ራስን ስለ ማጥፋት ምልክት ካለ ደግሞ መከተል ይቆምና መምራት ይመጣል። በቀጥታ ጠይቁ፦ «ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» መጠየቁ ሐሳቡን አይተክልም። አዎ ካለች፦ በምን አሰበች፣ መቼ፣ ነገሩ በእጇ አለ ወይ፣ ከዚህ በፊት ሞክራለች ወይ። በገጠር ቤት የእርሻ ፀረ ተባይ ቅርብ ነው፤ ማን እንደሚቆልፍበት በስም ሳይታወቅ ልጅቷ ብቻዋን አትሂድ። በዚያው ቀን ከሚታመን ዘመድ ጋር ጤና ተቋም ትድረስ።

ስለ እኩልነትም አንድ ቃል። ሚያዝያ 1957 (እ.ኤ.አ.) ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ላይ ፈላስፋው ማርቲን ቡበር ከሮጀርስ ጋር ፊት ለፊት ተወያይተው ነበር። ቡበር ያነሣው ነገር ተማካሪው እርዳታ ፈልጎ ወደ አንተ መጥቷል፣ አንተ ግን ወደ እሱ አልመጣህም፤ ስለዚህ ሁኔታው እኩል አይደለም የሚል ነበር። ሮጀርስ ደግሞ ተማካሪው ሕይወቱን የሚያይበት ዓይን ከእኔ እይታ እኩል ክብደት አለው አለ። ሁለቱም ለወሎ ክፍል ይጠቅማሉ። ልጅቷ ስትገቡ ትነሣለች፣ «እርስዎ» ትላለች፤ «አንተ በይኝ» ብሎ ማስጨነቅ አያስፈልግም። የእኩልነቱ ቦታ «እርስዎ» መባሉ ላይ አይደለም፤ ያለችውን እንዳለችው መያዛችሁ ላይ ነው።

ሐይቅ_ዳር፦

ሦስተኛው ጥያቄ እንዳይረሳ። በቺካጎ የሮጀርስ ባልደረቦች የነበሩት በትለርና ሄግ እ.ኤ.አ. በ1954 ያሳተሙት ጥናት ካርድ ተጠቅሟል። ተማካሪዎች ስለ ራስ የተጻፉ 100 ካርዶችን አንድ ጊዜ «አሁን ያለሁት እኔ»፣ ሌላ ጊዜ «መሆን የምመኘው እኔ» ብለው ደረደሩ። የሁለቱ ድርድር ዝምድና (1 ሲሆን ፍጹም አንድ ናቸው፣ ዜሮ ሲሆን አይገናኙም) በአማካይ ከምክር በፊት -0.01 ነበር፣ ከምክር በኋላ 0.34 ሆነ። ምክር ያልፈለጉ ሰዎች 0.58 አካባቢ ነበሩ። ተማካሪዎቹ ለውጥ አመጡ፣ ከሌሎቹ ግን አልደረሱም፤ ይህን አለመደበቅ ጥሩ ነው።

ለትምህርት ቤት 25 ካርድ ይበቃል። አንድን ኤ4 ወረቀት ሦስት ጊዜ ብታጥፉት 8 ይወጣል፤ 4 ወረቀት ከበቂ በላይ ነው። ዓረፍተ ነገሮቹን ከመጽሐፍ አትቅዱ፤ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀጠሮዎች ከልጅቷ አፍ የወጡትን ጻፉ፦ «እምቢ ማለት አልችልም»፣ «ለቤተሰቤ አስባለሁ»፣ «ስናደድ አልናገርም»፣ «በርትቼ ብሠራ ይሳካልኛል»። የሚያኮራውና የሚያሳፍረው በቁጥር ይመጣጠን።

ድርድሩ 7 ዓምድ አለው። ከ«ፈጽሞ እኔን አይመስልም» እስከ «በጣም እኔን ይመስላል» ከ1 እስከ 7 ቁጥር ይሰጣል። በየዓምዱ የሚገቡት ካርዶች 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 5፣ 3፣ 1 ናቸው። ቁጥሩ መጠበቅ አለበት፤ አለበለዚያ ሁሉም መሐል ይከማቻል። ድርድሩ ሲያልቅ ከካርዱ ጀርባ ቁጥሩን ጻፉ፣ በውዙና እንደገና «መሆን የምመኘው» ብላ ትደርድር። ለእያንዳንዱ ካርድ ሁለቱን ቁጥሮች ቀንሱ፣ ልዩነቱን በራሱ አባዙ፣ የ25ቱን ደምሩ። ድምሩን ለ104 አካፍሉና ከ1 ቀንሱ። ድምሩ 52 ከሆነ ዝምድናው 0.5 ነው፣ 104 ከሆነ ዜሮ ነው፣ ከዚያ ካለፈ ከዜሮ በታች ይወርዳል።

ለእኛ አገር ሦስተኛ ድርድር ጨምሩ፦ «እናቴ (ወይም አባቴ) እንድሆን የምትፈልገው እኔ»። የልጅቷ ምኞትና የእናቷ ምኞት ካርድ በካርድ አንድ ሆነው ከተገኙ ምኞቱ የማን እንደሆነ መነጋገር ይጀመራል። ብዙ ጊዜ ግን ልጁ ቤተሰቡ ከሚፈልገው በላይ የከበደ ነገር ራሱ ላይ ጭኖ ይገኛል፤ ይህን ማየቱ ብቻ ትልቅ ነገር ነው።

ቁጥሩን እንደ ፈተና ውጤት አትንገሯት፣ ከማኅደሯ ጋርም ለክፍል ኃላፊ አይተላለፍ። በሦስተኛው ቀጠሮና በመጨረሻው ብቻ ይሠራ። ቁጥሩ መውጣቱም ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ምኞቷን ዝቅ ስላደረገች ወይም እናንተን ለማስደሰት ስለደረደረችም ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ የትኞቹ ካርዶች ቦታ እንደለወጡ እዩ። «ራስ ወዳድ ነኝ» ከ7ኛው ዓምድ ወደ 4ኛው ከወረደ፣ «ለቤተሰቤ አስባለሁ» ደግሞ ባለበት ከቆየ፣ ጦሳ_ሥር ያለው 18ኛው ነጥብ በካርድ ላይ ታየ ማለት ነው።

ኩታበር_አማካሪ፦

አላህ ይስጥልኝ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። አንድ ልጨምር፦ አባትየው ትምህርት ቤት መጥቶ «ልጄ ምን አለችህ?» ቢልስ?

ሸዋ_በር፦

ይህ ስለሚመጣ አስቀድማችሁ ከልጅቷ ጋር ተዘጋጁ። ወረቀት ለሁለት ክፈሉና «ለአባቴ ቢነገር ይሁን» እና «አይነገር» በሚል ራሷ ትጻፍ። አባትየው ሲመጡ ተነሥታችሁ ተቀበሏቸው፣ አስቀምጧቸው፣ የቤታቸውን ደኅንነት ጠይቁ። ከዚያ፦ «አባባ፣ ልጅዎ የነገረችኝን ለሌላ ባወራ ነገ የሌላውንም አወራለሁ ማለት ነው። እርስዎ ግን ስለ እሷ የሚያሳስብዎትን ቢነግሩኝ እሰማለሁ።» አብዛኛው አባት ሲከበር አይቆጣም።

ከዚያ እሷን የሰማችሁበትን መንገድ ለእሳቸውም አድርጉ። ከንዴቱ ሥር ብዙ ጊዜ ዕዳ አለ፣ ያላለቀ ቤት አለ፣ «የጎረቤት ልጅ ልካ የኔዋ ቀረች» የሚል አለ። «ለቤቱ ያሰቡት ሳይሞላ ቀርቶ እርስዎን ሌሊት የሚያስነሣዎት ይኼ ነው» ብትሏቸው የሚለሰልሱበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ የምታነጋግሩ ከሆነ ልጅቷ ስትፈቅድ ብቻ፣ ከ30 ደቂቃ ሳይበልጥ፣ እያንዳንዳቸው ሳይቋረጡ እየተናገሩ ይሁን። እናንተ ፍርድ አትስጡ። ቤተሰቡ አስታራቂ ከፈለገ አበጋሩም (የወሎ ባህላዊ አስታራቂ) ሽማግሌውም አለ፤ አማካሪ ያንን ወንበር ከያዘ ልጅቷ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ የምትገባው ዳኛ ዘንድ ነው።

አባትየው ሲወጡ ልጅቷን ወዲያው ወደ ክፍል አትመልሷት። አሥር ደቂቃ አስቀሯትና «አባትሽ ሲናገሩ ምን ሰማሽ?» በሏት፤ የተባለውንና እሷ የሰማችውን የምታነጻጽሩት ከዚያ ነው፣ የሚቀጥለው ሳምንት መነሻም እሱ ነው።